የፊት ተዋጊ ጠላትን በምን ይይዛል? የቅርብ ውጊያ ስልት በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ

ሰይፈኛ፦

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን፣ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ይዞ በዳይስ የሚጫወተውን የጠረጴዛ ጨዋታ፣ በ2014 በወጣው አምስተኛ እትም ሕግ የምንጫወት አራት ጓደኛሞች ነን። እኔ ደረጃ 5 የደረሰ ባትል ማስተር ፋይተር (በልዩ የውጊያ ስልቶች የሠለጠነ ተዋጊ) ይዣለሁ፤ መሣሪያዬ በሁለት እጅ የሚያዘው ትልቁ ሰይፍ ነው። ከእኔ ጋር ከፊት የሚሰለፍ ባርባሪያን አለ፤ ከኋላችን ፈዋሹ ክሌሪክና አስማተኛዋ ዊዛርድ ይቆማሉ። ባለፈው ጨዋታችን ስፋቱ 30 ጫማ በሆነ አዳራሽ ውስጥ ስድስት ሆብጎብሊኖች (ወታደር መሰል ጭራቆች) ከአለቃቸው ጋር ገጠሙን። ሁለታችን የፊት ተዋጊዎች በመጀመሪያው ዙር ሮጠን ገብተን ሁለቱን ጣልን። የቀሩት ግን በግራና በቀኝ አልፈውን ሄደው ዊዛርዳችንን ከበቧት፤ በሁለተኛው ዙር መጨረሻም ወደቀች።

ጥያቄዬ የሚከተለው ነው። የፊት ተዋጊ ሥራው ብዙ ጉዳት ማድረስ ብቻ ነው ወይስ ጠላት ወደፈለገበት እንዳይሄድ የሚከለክልበት እውነተኛ መሣሪያ በሕጉ ውስጥ ተሰጥቶታል? ተሰጥቶት ከሆነ በደረጃ 5 ላይ ያለ ሰው የትኛውን ቢያስቀድም ይሻለዋል? ወደ አዳራሹ የገባንበት በር ስፋቱ 5 ጫማ እንደነበረና ከኋላችን 20 ጫማ ያህል ርቀት ላይ እንደነበረ ብጨምር ለመልሱ ሊጠቅም ይችላል።

ጋሻው በግራ፦

ሰላም ሰይፈኛ። ጥያቄዎ በጣም ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው የትኛው መሣሪያ የበለጠ ጉዳት እንደሚያደርስ ብቻ ስለሆነ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይ ደስ ይለኛል። በእኔ እምነት የፊት ተዋጊ ዋናው ሥራ ጠላት የት እንደሚቆም መወሰን ነው፤ ጉዳቱ ያንን ውሳኔ የሚያስከብርበት መንገድ ነው።

በሕጉ የተሰጠዎት የመጀመሪያው መሣሪያ ሪአክሽን፣ ማለትም በሌላው ተራ የሚሰጡት ፈጣን ምላሽ፣ ነው። የሚያዩት ጠላት ከመምቻ ክልልዎ ሲወጣ አንድ ኦፖርቹኒቲ አታክ መሰንዘር ይችላሉ፤ ነገር ግን ሪአክሽንዎ የራስዎ ተራ እስኪመለስ ድረስ አንድ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። የመጀመሪያው፣ ጠላት በክልልዎ ውስጥ እስካለ ድረስ ዙሪያዎን ቢዞር እንኳ ምንም አይከፍልም፤ የሚከፍለው ሲወጣ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ በትልቁ ሰይፍ የሚሸፍኑት እርስዎ የቆሙበትን ካሬ (አንድ ካሬ 5 ጫማ ነው) እና በዙሪያው ያሉትን ብቻ ስለሆነ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲታይ 15 ጫማ ስፋት ነው። በ30 ጫማ አዳራሽ ውስጥ እርስዎና ባርባሪያኑ ጎን ለጎን ተጣብቃችሁ ከቆማችሁ የምትሸፍኑት 20 ጫማ ብቻ ነው፤ በቀረው 10 ጫማ በኩል ጠላት ሳይነካ ያልፋል። አዳራሹ ስድስት ካሬ ስፋት እንዳለው ቆጥረን አንዳችሁ በሁለተኛው፣ ሌላችሁ በአምስተኛው ካሬ ላይ ብትቆሙ ግን በመካከላችሁ ሁለት ባዶ ካሬ ቢኖርም ከስድስቱ መስመሮች አንዱም ነጻ አይሆንም። ይህ አቋቋም ምንም ወጪ የለውም፤ ደረጃም ሆነ ልዩ ችሎታ አይጠይቅም።

ሆኖም ሁለት ሪአክሽን ያስቆማል ተብሎ የሚጠበቀው ቢበዛ ሁለት ጠላት ነው። በገለጹት ውጊያ የቀሩት አለቃውን ጨምሮ አምስት ስለነበሩ ሦስቱ በማንኛውም መንገድ ያልፉ ነበር። ስለዚህ የሰው ቁጥር ሲበልጥብን ቀዳዳውን የሚደፍንልን መሬቱ ነው፤ ለዚህም ነው ስለ በሩ የጻፉት ዓረፍተ ነገር ከሁሉ በላይ ትኩረቴን የሳበው።

ብዙ ተጫዋቾች በር ሲያገኙ በሩ ውስጥ ገብተው ይቆማሉ። ይህ ለጠላት የተሻለ ነው። በሩ ውስጥ የቆመ ሰው ፊት ለፊቱ አንድ፣ በግራና በቀኝ ሰያፍ ሁለት፣ በድምሩ ሦስት ጠላት ይደርስበታል፤ ከራሱ ወገን ግን ማንም ሊረዳው አይችልም። አንድ ካሬ ወደ ኋላ ተመልሶ በሩን ፊት ለፊት ቢጠብቀው ነገሩ ይገለበጣል። አሁን በሩ ውስጥ የሚገባው አንድ ጠላት ብቻ ነው፤ እርስዎ ፊት ለፊቱ ነዎት፣ ባርባሪያኑና ክሌሪኩ ደግሞ በሰያፍ ይመቱታል። ከሆብጎብሊን ጋር ሲሆን ሌላም ጥቅም አለው። ሆብጎብሊን የሚመታው ሰው አጠገብ ሌላ ወገኑ ካለ በተራው አንድ ጊዜ በአማካይ 7 ተጨማሪ ጉዳት ያደርሳል፤ ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራው ችሎታው ይህ ነው። በሩ ውስጥ ያለው ሆብጎብሊን እርስዎን ሲመታ ወገኑ ከጀርባው ሆኖ ከእርስዎ 10 ጫማ ስለሚርቅ ያ ተጨማሪ ጉዳት አይሠራለትም። በአንድ ካሬ ልዩነት የጠላትዎን ግማሽ ኃይል ወስደዋል ማለት ነው።

ሒሳብ ወዳድ፦

ጋሻው በግራ ስለ አቋቋም የጻፈው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጉዳትን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ማውረዱን አልቀበለውም። ከሁሉ የበለጠ ጠላትን የሚይዘው ነገር ሞት ነው። በዚህ ጨዋታ አንድ ሂት ፖይንት (የጤና ነጥብ) የቀረው ጠላት ሙሉ ጤና ካለው ጠላት እኩል ይመታል፤ ስለዚህ ጉዳትን በብዙ ጠላት ላይ መበተን ጉዳትን እንደ ማባከን ነው። ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 59 ሂት ፖይንት ያላቸውን ሁለት ኦግሮች (ግዙፍ ጭራቆች) እንውሰድ፤ ቡድናችሁ በዙር 30 ያህል ጉዳት ያደርሳል እንበል፤ መጀመሪያም እናንተ ትንቀሳቀሳላችሁ። ሁላችሁም አንዱን ከመታችሁ እሱ በሁለተኛው ዙር፣ ሌላው በአራተኛው ይወድቃል፤ ሁለቱ በጠቅላላ አራት ጊዜ ብቻ ያጠቃሉ። ጉዳቱን እኩል ካካፈላችሁ ሁለቱም እስከ አራተኛው ዙር ስለሚቆሙ ስድስት ጊዜ ያጠቃሉ። የኦግር ዱላ ሲያገኝ በአማካይ 13 ጉዳት ያደርሳል፤ በዒላማ ምርጫ ብቻ ሁለት እንዲህ ያሉ ጥቃቶች ይቀራሉ።

ለትልቁ ሰይፍ ያዦች ደግሞ ስለ ግሬት ዌፐን ማስተር አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰይፈኛ ወስዶት ከሆነ በቀጥታ ይመለከተዋል። በ2014ቱ ሕግ ይህ ችሎታ ከማጥቂያ ዳይስህ (ባለ 20 ገጽ ነው) 5 ቀንሰህ 10 ጉዳት እንድትጨምር ይፈቅድልሃል። ጥንካሬህ 18 ከሆነ በደረጃ 5 የማጥቂያ ጭማሪህ 7፣ አማካይ ጉዳትህ 11 ነው። ክሪቲካልን (ጉዳቱ የሚጨምርበትን ልዩ ምት) ሳንቆጥር፣ አርመር ክላሱ (ለመምታት መድረስ ያለበት ቁጥር) 11 በሆነ ኦግር ላይ በመደበኛው ጥቃት በአማካይ 9.35፣ በከባዱ ጥቃት 12.6 ታገኛለህ፤ እዚህ ላይ ማመንታት አያስፈልግም። አርመር ክላሱ 18 በሆነ ሆብጎብሊን ላይ ግን መደበኛው 5.5፣ ከባዱ 5.25 ነው። ከዚህም በላይ ሆብጎብሊን ያለው 11 ሂት ፖይንት ብቻ ነው። በአንድ መደበኛ ጥቃት የመግደል ዕድልህ 29 በመቶ ገደማ ሲሆን በከባዱ 25 በመቶ ነው፤ የተረፈው ጉዳት ሬሳ ላይ ስለሚባክን ትልቁ ቁጥር እዚህ አይጠቅምም። አድቫንቴጅ ሲኖርህ፣ ማለትም ዳይሱን ሁለት ጊዜ ጥለህ ትልቁን ስትወስድ፣ ስሌቱ ይቀየራል። አርመር ክላሱ 17 በሆነው አለቃ ላይ ያለ አድቫንቴጅ ሁለቱ አጠቃቀሞች እኩል ሊባሉ ይችላሉ፤ በአድቫንቴጅ ግን መደበኛው 8.8፣ ከባዱ 10.7 ይሆናል።

ትኩረት ይዞ አስማት የሚያቆይ ጠላት ሲገጥምህም ከባዱን ጥቃት ተወው። እንዲህ ያለው ጠላት በተመታ ቁጥር 10 ወይም የጉዳቱን ግማሽ፣ ከሁለቱ የበለጠውን ቁጥር በዳይስ ማለፍ አለበት። የ11 ጉዳት ምት 10 ያስጠይቀዋል፤ የ21 ጉዳት ምትም ግማሹ ወደ ታች ሲጠጋ 10 ስለሆነ ያንኑ 10 ያስጠይቀዋል። ስለዚህ አስማቱን ለመስበር የሚያስፈልግህ ምቱ ማግኘቱ ነው፤ ክብደቱ አይደለም።

ሰይፈኛ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ግሬት ዌፐን ማስተርን በደረጃ 4 ወስጃለሁ። ደረጃ 6 ስንደርስ ሌላ የልዩ ችሎታ ምርጫ ይሰጠኛል፤ ሴንቲኔልን ለመውሰድ እያሰብኩ ነው። አንዳንዶች ሴንቲኔል ከፖልአርም ማስተር ጋር ካልተጣመረ ዋጋ የለውም ይላሉ፤ እውነት ነው?

ጋሻው በግራ፦

እውነት አይደለም፤ ሴንቲኔል ብቻውን ይበቃል። ሦስት ነገሮችን ይሰጥዎታል። በኦፖርቹኒቲ አታክ ያገኙት ጠላት ፍጥነቱ እስከ ተራው ፍጻሜ ድረስ ዜሮ ይሆናል። ዲስኢንጌጅ አድርጎ (ሳይመታ ለመውጣት ማጥቃቱን ትቶ) ከክልልዎ የሚወጣም ቢሆን ከእርስዎ ጥቃት አያመልጥም። በ5 ጫማ ውስጥ ያለ ጠላት እርስዎን ትቶ ሌላ ሰው ሲያጠቃ ደግሞ በሪአክሽንዎ ይመቱታል። ለእርስዎ ቡድን ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱም ከባርባሪያኑ ጋር ጎን ለጎን ሲዋጉ በየዙሩ አንድ ተጨማሪ ጥቃት ማግኘት ማለት ነው።

ከፖልአርም ማስተር ጋር ሲጣመር ጠላት ወደ ክልልዎ ሲገባም ስለሚመቱት፣ በሐልበርድ ወይም በግሌቭ (ረጅም ዘንግ ያላቸው መሣሪያዎች) የ10 ጫማ ክልል ካለዎት 10 ጫማ ርቀት ላይ ያቆሙታል፤ 5 ጫማ ብቻ የሚደርስ ክንድ ያለው ጠላት ከዚያ ሆኖ ሊነካዎት አይችልም። ይህ በአንድ ብርቱ ጠላት ላይ እጅግ ኃይለኛ ነው። በብዙ ጠላት ላይ ግን የመጀመሪያውን ካስቆሙ በኋላ ሪአክሽንዎ አልቋልና ሁለተኛውና ሦስተኛው በነጻ ይገባሉ።

እንዲያውም የባትል ማስተር ሰው ይበልጥ መጠንቀቅ ያለበት ሪአክሽኑን በሚያወጣበት ቦታ ነው። ሪፖስትን ከመረጡ፣ የሳተዎትን ጠላት መልሰው ለመምታት የሚያወጡት ያችኑ ብቸኛ ሪአክሽን ነው፤ ከዚያ በኋላ ዊዛርዷን ለመያዝ የሚሮጠውን ማስቆሚያ የለዎትም። እኔ በጨዋታው ጠረጴዛ ላይ የምከተለው ልማድ አለ፦ ገና ያልተንቀሳቀሱ ጠላቶች ካሉና ከኋላዬ ያለው ሰው ለአደጋ የተጋለጠ ከሆነ ሪፖስትን አልጠቀምም፤ የመጨረሻው ጠላት ሲያጠቃኝ ግን ሪአክሽኔን ሳላወጣ ዙሩ እንዲያልፍ አልፈቅድም።

የጠረጴዛው መሪ፦

ለረጅም ጊዜ ዲኤም (ጨዋታውን የሚመራና ጠላቶቹን የሚያጫውት ሰው) ሆኜ ስለምሠራ ከማያው ወገን ሁለት ነገር ልበል።

የመጀመሪያው ስለ በሩ ነው። በሩ ውስጥ ያለን ጠላት በሰያፍ የሚመታ ተዋጊ በግድግዳው ማዕዘን በኩል ስለሚመታ አንዳንድ ዲኤሞች ለጠላት ግማሽ ከለላ ይሰጣሉ፤ ይህም አርመር ክላሱን በ2 ከፍ ያደርገዋል። እኔ በጠረጴዛዬ ላይ እሰጣለሁ። ሌላው እንደዚያ ላያደርግ ይችላልና ውጊያው ሳይጀመር ዲኤማችሁን ጠይቁ። ደግሞም ሆብጎብሊኖች ረጅም ቀስት እንዳላቸው አትርሱ። በበሩ ቀጥታ መስመር ላይ ከቆማችሁ፣ ሞኝ ካልሆኑ በቀር አንድ በአንድ እየገቡ አያልቁላችሁም፤ ወደ ኋላ ተመልሰው ይተኩሳሉ። እንዲህ ሲያደርጉ መልሱ ከበሩ መስመር ወጥቶ ሁለቱ ተዋጊዎች በበሩ ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተደግፈው መቆም፣ ዊዛርዷም በበሩ ቀዳዳ በማትታይበት ጥግ መሆን ነው። ያኔ ቀስተኛው የሚያየው ሰው አይኖርም፤ ሮጦ የሚገባው ደግሞ ከሁለቱም ክልል ሲወጣ ሁለት ኦፖርቹኒቲ አታክ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው ጠላት ዒላማውን የሚመርጥበት መንገድ ነው። ጥሩ ዲኤም ጠላቱ የሚያውቀውን ብቻ ያውቃል። ተኩላ አብሮ አዳኝ ነው፤ ነክሶ ለመጣል ይሞክራል፤ የወደቀውንም ሁሉም ይረባረቡበታል። ስለ አስማት ትኩረት ግን የሚያውቀው ነገር የለም። ሆብጎብሊን ሥርዓት ያለው ወታደር ስለሆነ ፈዋሹን ለይቶ ያውቃል። ስለዚህ ፋይተር «እኔን ምቱኝ» ብሎ ቢጮህ በቂ አይደለም፤ እሱን አልፎ መሄድ ዋጋ እንደሚያስከፍል ጠላት በዓይኑ ማየት አለበት። አንድ ጊዜ በኦፖርቹኒቲ አታክ ወገናቸው ሲወድቅ ያዩ ሆብጎብሊኖችን እኔ በሚቀጥለው ተራ በፋይተሩ አጠገብ አላሳልፋቸውም።

ዶጅን፣ ማለትም ሳያጠቁ ተራን በመከላከል ማሳለፍን፣ በተመለከተም የምለው አለ። ፕሌት (ሙሉ የብረት ጥሩር) የለበሰና ጋሻ የያዘ ሰው አርመር ክላሱ 20 ነው። የማጥቂያ ጭማሪው 3 የሆነ ሆብጎብሊን እንዲህ ያለውን ሰው የሚያገኘው በ20 በመቶ ዕድል ነው፤ ሰውየው ዶጅ ካደረገ ዕድሉ ወደ 4 በመቶ ይወርዳል፤ ሪአክሽኑም አይቃጠልበትም። ጠባብ ቦታ ላይ ቆሞ ጓዶቹ እስኪጨርሱ ሁለት ዙር ዶጅ ያደረገ ፋይተር ምንም እንዳልሠራ የሚቆጥሩ ተጫዋቾች አሉ፤ እኔ ከማያው ወገን ግን ያ ሰው የጠላትን ስድስት ተራ ሲበላ አይቻለሁ። ሰፊ ሜዳ ላይ ግን ዶጅ የሚያደርገውን ሰው ጠላት ትቶት ያልፋልና እዚያ አይመከርም።

ጋሻው በግራ፦

ሒሳብ ወዳድ ስለ አድቫንቴጅ ያነሳውን ልቀጥልበት፤ ምክንያቱም አድቫንቴጅን በራሳችን እጅ መሥራት እንችላለንና። የማጥቃት አክሽን (በተራችሁ የምትሠሩትን ዋና ድርጊት) ስትወስዱ ከጥቃቶቻችሁ አንዱን በመግፋት ወይም በመያዝ መተካት ይፈቀዳል። ጠላት ከእናንተ ከአንድ መጠን በላይ መብለጥ የለበትም፤ ስለዚህ ኦግር ይቻላል፣ ሂል ጃያንት አይቻልም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ጥቃት ኦግሩን ገፍታችሁ መሬት ላይ ትጥሉታላችሁ፤ በሁለተኛው ትይዙታላችሁ። የተያዘ ፍጡር ፍጥነቱ ዜሮ ነው፤ ከመሬት ለመነሳት ደግሞ የፍጥነት ግማሽ ያስፈልጋል። ፍጥነት ስለሌለው መነሳት አይችልም፤ መጀመሪያ አክሽኑን አውጥቶ ከእጃችሁ መፈልቀቅ አለበት። በዚህ ሁሉ ጊዜ በ5 ጫማ ውስጥ ያለ ጓዳችሁ ሁሉ በአድቫንቴጅ ይመታዋል፤ እሱ ራሱ የሚሰነዝረው ግን በዲስአድቫንቴጅ (ዳይሱን ሁለት ጊዜ ጥሎ ትንሹን በመውሰድ) ነው። በአትሌቲክስ የሠለጠነ፣ ጥንካሬው 18 የሆነ የደረጃ 5 ፋይተር ጭማሪው 7፣ የኦግሩ ደግሞ 4 ነው፤ እያንዳንዱን ሙከራ የማሸነፍ ዕድሉ 62 በመቶ ያህል ነው። በንዴት ላይ ያለ ባርባሪያን በጥንካሬ ፍተሻ አድቫንቴጅ ስላለው ለዚህ ሥራ ከፋይተር ይሻላል። መግፋት ባዶ እጅ አይጠይቅም፤ መያዝ ግን ይጠይቃል። ትልቁን ሰይፍ የያዘ ሰው በአንድ እጁ ኦግሩን ከያዘ በሌላው እጁ ሰይፉን መሸከም ይችላል እንጂ ሊመታበት አይችልም። ስለዚህ በእናንተ ቡድን ባርባሪያኑ ይያዝ፣ ሰይፈኛ ይምታ። በአርመር ክላስ 11 ላይ ከባዱ ጥቃት ከአድቫንቴጅ ጋር የሚሰጠውን ቁጥር ሒሳብ ወዳድ ራሱ ሊነግረን ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱም የተራ ቅደም ተከተል ነው። በዚህ እትም ከመሬት መነሳት ኦፖርቹኒቲ አታክ አያስከትልም። ስለዚህ እናንተ ጥላችሁት ከእናንተ ቀጥሎ ያለው ተራ የራሱ የኦግሩ ከሆነ፣ ሳትይዙት የጣላችሁት ኦግር 20 ጫማ ከፍሎ ይነሳና ማንም ጓዳችሁ ሳይጠቀምበት ጥቃታችሁ በከንቱ ይቀራል። የምትጥሉት ከኦግሩ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ጓዶቻችሁ ተራ ሲኖራቸው መሆን አለበት፤ እነሱም የቅርብ ተዋጊዎች መሆን አለባቸው። ከርቀት የሚተኩስ ሰው በወደቀ ዒላማ ላይ ዲስአድቫንቴጅ ስለሚገጥመው ቀስተኛ ያለበት ቡድን ጠላትን ከመጣሉ በፊት ቀስተኛውን ሊያማክረው ይገባል።

ሒሳብ ወዳድ፦

በአድቫንቴጅ ከባዱ ጥቃት ኦግሩን የማግኘት ዕድሉ 84 በመቶ ነው፤ አማካዩ 17.6 ይሆናል። በሁለት ጥቃት 35 ነው። ይህን ካየሁ በኋላ ስለ ጉዳትና ስለ መያዝ የነበረኝን ክርክር በከፊል እተዋለሁ፤ መያዙ ጉዳቱን ወልዶታልና። አንዱ ተዋጊ ሁለቱን ጥቃቶቹን ለመያዝ ሲያውል የሚጠፋው ጉዳት ግን መቆጠር አለበት። ከአጠገቡ የሚመታ አንድ ጓድ ብቻ ካለና ጠላቱ በሚቀጥለው ዙር ሊወድቅ የተቃረበ ከሆነ በቀጥታ መምታት ይሻላል።

ከፓዝፋይንደር ሰፈር፦

ፓዝፋይንደር የተባለውን ተመሳሳይ ጨዋታ በ2019 በወጣው ሁለተኛ እትም የምትጫወቱ ካላችሁ ከዚህ ክር ብዙ ነገር ትወስዳላችሁ፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮች ይለያሉ። በተራችሁ ሦስት አክሽን አላችሁ፤ ሁለተኛው ጥቃት 5፣ ሦስተኛው ደግሞ 10 ስለሚቀነስበት ሦስተኛውን አክሽን ለጥቃት ማዋል በአብዛኛው ማባከን ነው። ጋሻ ማንሳት፣ አንድ እርምጃ መሸሽ ወይም ጠላትን ማስፈራራት ይሻላል። ከጓድ ጋር በተቃራኒ ጎኖች ቆሞ ጠላትን መሃል ማስገባት አርመር ክላሱን በ2 ያወርዳል። እዚያ ዒላማውን በ10 ማለፍ ክሪቲካል ስለሆነ ያ 2 የማግኘት ዕድልንም የክሪቲካል ዕድልንም አብሮ ከፍ ያደርጋል።

ሁለተኛው ልዩነት ከሪአክሽን ጋር የተያያዘ ነው። በፓዝፋይንደር ሲያልፉበት የመምታት መብት የሁሉም አይደለም፤ ፋይተር ግን ከደረጃ 1 ጀምሮ አለው። ከመሬት መነሳትም ያንን ጥቃት ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ጋሻው በግራ ስለ ተራ ቅደም ተከተል ያስጠነቀቀው ነገር እዚያ ይገለበጣል፤ ፋይተሩ የጣለው ጠላት ወዲያው ቢነሳ እንኳ ለፋይተሩ አንድ ተጨማሪ ምት ነው።

አዲሱን እትም ያዥ፦

ሰይፈኛ በ2014ቱ ሕግ እንደሚጫወት ገልጿል፤ ወደ 2024ቱ መሻገር የምትፈልጉ ካላችሁ ግን የፊት ተዋጊው የበለጠ የተጠቀመበት ለውጥ ዌፐን ማስተሪ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ባሕርይ ተሰጥቶታል፤ ሎንግሶርድ (ረጅሙ ሰይፍ) ያገኘው ጠላት በሚቀጥለው ጥቃቱ ዲስአድቫንቴጅ አለበት፣ ፓይክ (ረጅሙ ጦር) 10 ጫማ ይገፋል፣ ሞል የተባለው ትልቁ መዶሻ ደግሞ በኮንስቲትዩሽን ፍተሻ የወደቀውን ጠላት መሬት ላይ ይጥላል። ይህ በኦፖርቹኒቲ አታክም ይሠራል። 30 ጫማ ፍጥነት ያለው ጠላት 10 ጫማ ተጉዞ ከክልልህ ሊወጣ ሲል በሞል ብትጥለው የቀረው 20 ጫማ ነው፤ ለመነሳት 15 ያወጣና 5 ጫማ ብቻ ይቀረዋል። ያለ ሴንቲኔልም ጠላትን አቆምክ ማለት ነው።

መያዝም ተለውጧል። አሁን ጠላት በጥንካሬ ወይም በዴክስቴሪቲ ፍተሻ ይከላከላል፤ የተያዘው ደግሞ ከያዘው ሰው በቀር ሌላውን ሁሉ ሲያጠቃ ዲስአድቫንቴጅ አለበት። ዊዛርድን ለመጠበቅ ከዚህ የተሻለ ነገር በመሠረታዊው ሕግ ውስጥ አላየሁም። ግሬት ዌፐን ማስተር ግን 5 ቀንሶ 10 መጨመሩ ቀርቶበታል፤ አሁን የሚጨምረው የፕሮፊሸንሲ ቦነስን (ከደረጃ ጋር የሚያድገውን የሥልጠና ጭማሪ) ያህል ጉዳት ነው።

ሰይፈኛ፦

ይህን ያህል መልስ አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ለጓደኞቼም አነበብኩላቸው። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። በሚቀጥለው ጨዋታ 10 ጫማ ስፋት ያለው የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ከሥሩ ጥልቅ ገደል ነው። ከማዶ ሁለት ኦግሮችና ጥቂት ሆብጎብሊኖች እንደሚመጡ ሰምተናል። ክሌሪካችን ስፒሪት ጋርዲያንስን (በዙሪያው ጠባቂ መናፍስትን የሚጠራ አስማት) ይዟል። ድልድዩ ላይ ገብተን ብንገጥማቸው ይሻላል ወይስ ከዚህ ማዶ ብንጠብቃቸው?

ጋሻው በግራ፦

ከዚህ ማዶ ጠብቋቸው። ድልድዩ ሁለት ካሬ ስፋት አለው፤ ላዩ ላይ ከገባችሁ ሁለት ለሁለት ትሆናላችሁ፤ የክሌሪካችሁም ጉልበት ከጀርባችሁ ተዘግቶ ይቀራል። ከድልድዩ ጫፍ ወጣ ብላችሁ መሬት ላይ ብትቆሙ ግን ጫፉ ላይ የሚደርሱትን ሁለት ጠላቶች ሦስታችሁ ትመቷቸዋላችሁ። ክሌሪኩ በእናንተ መካከል ይቁም። የስፒሪት ጋርዲያንስ ክልል 15 ጫማ ስለሆነ የድልድዩን የመጨረሻ ሦስት ረድፍ ካሬ ይሸፍናል፤ እዚያ የሚገባ ጠላት ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ጉዳትም ይደርስበታል። ኦግር በተራው 40 ጫማ መሄዱ ቀርቶ በክልሉ ውስጥ እየተጎተተ ይደርሳችኋል።

ፑሺንግ አታክ (ጠላትን የሚገፋ የባትል ማስተር ማኑቨር ወይም ስልት) ካላችሁ የገደሉ ጉዳይ ይመጣል። የማኑቨር ፍተሻ ቁጥርዎ 15 ነው፤ ሆብጎብሊን በጥንካሬ ፍተሻ የመውደቅ ዕድሉ 65 በመቶ፣ ኦግር ደግሞ 50 በመቶ ነው። ሰው ቶሎ የሚመኘው ኦግሩን መጣል ነው፤ ተገቢም ነው፤ ምክንያቱም ሆብጎብሊንን የሰይፍዎ አንድ ምት በአብዛኛው ይጨርሰዋል፤ ኦግሩን ግን 59 ሂት ፖይንት ሳይቆጥሩ የሚያስወግዱበት ብቸኛ መንገድ ይህ ነው። ዳሩ ግን ፑሺንግ አታክ የሚገፋው ከእርስዎ ወደሚርቀው አቅጣጫ ነው። ድልድዩን ፊት ለፊት ይዘው ከቆሙ ኦግሩን የሚገፉት ወደ መጣበት፣ በድልድዩ ርዝመት ይሆናል። ወደ ገደሉ እንዲሄድ ከድልድዩ ጫፍ በስተግራ ወይም በስተቀኝ ቆመው በሰያፍ መምታት አለብዎት፤ ባርባሪያኑ ፊት ለፊቱን ይያዝ፣ እርስዎ ጎኑን። አክሽን ሰርጅንም (በአንድ ተራ ተጨማሪ አክሽን የሚሰጥዎትን ችሎታ) ለመጀመሪያው ሆብጎብሊን አያውጡት፤ የመጀመሪያው ኦግር ጫፉ ላይ እስኪደርስ ያቆዩት፤ ያኔ በአንድ ተራ አራት ጥቃትና አራቱም የሱፒሪዮሪቲ ዳይስ (ለማኑቨር የሚወጡት) ይኖርዎታል።

የጠረጴዛው መሪ፦

በዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሚኒያቸራችሁን (ገጸ ባሕርያቱን የሚወክሉትን ትንንሽ ምስሎች) ከማስቀመጣችሁ በፊት ድልድዩ የድንጋይ መከታ እንዳለውና እንደሌለው፣ ካለውም ከፍታው ስንት ጫማ እንደሆነ ዲኤማችሁን ጠይቁ። እኔ ብሆን እስከ ወገብ የሚደርስ መከታ ያለውን ድልድይ ኦግር በአንድ ግፊት እንዲያልፍ አልፈቅድም፤ መከታውን መጀመሪያ ማፍረስ ይኖርባችኋል። ለዚያ ደግሞ ጠላት ከመምጣቱ በፊት ባርባሪያኑና መጥረቢያው ጊዜ አላቸው።